ጌም ላይ ሪስታርት የሚያደርግ ኮምፒውተር ሁሉ ሞቆ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ አዳማ ጌም የሚወዱ ልጆች አንድ ጽሑፍ እየተቀባበሉ ነው። የሚያወራው ጌም ስንጫወት ድንገት ሪስታርት ስለሚያደርግ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ጸሐፊው ስድስት ምክር ይሰጣሉ። ችግሩ ሙቀት ስለሆነ ቴርማል ፔስት፣ ማለትም ከዋናው ቺፕ ላይ ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት፣ ቀይሩ ይላሉ። ካልተሻለው ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጉ፣ ራም ጨምሩ፣ ስታቢላይዘር ግዙ ይላሉ። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ 600 ዋት ከተጻፈ ምንም አይልም፣ ፈታችሁ አቧራውን አጽዱለት ይላሉ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ማዘርቦርዱን፣ ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ትልቁን ሰሌዳ፣ ቀይሩ ብለው ይጨርሳሉ።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። አጻጻፉም ለማንም ይገባል፤ ብዙ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን እዚሁ ከተማ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። በእንዲህ ዓይነት ምክር ገንዘባቸውን ጨርሰው የሚመጡ ልጆች አያለሁ። ፔስቱ ተቀይሯል። ዊንዶውሱ አዲስ ነው። ራም ተጨምሯል። ኮምፒውተሩ ግን ጨዋታው ሲጦፍ አሁንም ድርግም ይላል። ዕቃ በተወደደበት ጊዜ ይህ ያሳዝናል። ከምክሮቹ አንዱ ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ ነጥቦቹ ከመሄዴ በፊት ግን ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካውን ላንሳ። ምንም ዕቃ ሳንገዛ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ራሱ የመዘገበውን ማየት አለብን። ዊንዶውስ የገጠመውን የሚመዘግብበትን ኢቨንት ቪውወር የተባለ ፕሮግራም ክፈቱ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም የሚለውን ንኩ። ሪስታርት ያደረገበትን ሰዓት ፈልጉ። ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት ያለበት መስመር ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። መስመሩ ብቻውን ግን በሽታውን አይናገርም። የሚለው ዊንዶውስ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ጠፍቷል ብቻ ነው።

ቁም ነገሩ ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ዲቴይልስ የሚለውን ስትነኩ በግቼክ ኮድ፣ ማለትም የስህተቱ ቁጥር፣ የሚል ቦታ አለ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ስህተቱን ለመመዝገብ እንኳ ፋታ አላገኘም። በአብዛኛው ኃይሉ ከሥሩ ተቋርጦበታል ማለት ነው። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ብሉ ስክሪን፣ ስህተቱን የሚናገረው ሰማያዊ ገጽ፣ ወጥቶ ነበር። እናንተ ያላያችሁት ዊንዶውስ ወዲያው ሪስታርት ስለሚያደርግ ነው። እሱን ማስቆም ይቻላል። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ፣ ከዚያ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ ግቡና አውቶማቲካሊ ሪስታርት ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ በኋላ ብሉ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ በስልክ ፎቶ ታነሱታላችሁ። ከ41 አጠገብ ደብልዩ ኤች ኢ ኤ ሎገር 18 የሚል መስመር ካለ ደግሞ ሲፒዩው ራሱ (ሳጥኑ ሳይሆን ውስጡ ያለው ዋናው ቺፕ) የሃርድዌር ስህተት አጋጥሞኛል እያለ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም። የሚፈጀውም ቡና እስኪፈላ ያለውን ጊዜ እንኳ አይሆንም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ጸሐፊው አዳማ ሞቃት ናት፣ አቧራዋም ብዙ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ከከተማው ዳር ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ንፋስ አቧራውንም እያንዳንዱ ቤት ድረስ ያደርሰዋል። እንዲያውም እሳቸው ያልጠቀሱትን አንድ ነገር ልጨምርላቸው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። አንድ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ እዚህ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ኬዙን፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ አዘውትሮ ማጽዳት ጥሩ ነው። ብሎወር ስትጠቀሙ የኬዙን ፋን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት፤ በንፋሱ ከመጠን በላይ እንዳይሽከረከር።

ነገር ግን ሙቀት ሪስታርት የሚያስደርገው ጸሐፊው በሚሉት መንገድ አይደለም። የአሁን ዘመን ሲፒዩ ሲሞቅ ወዲያው አይጠፋም፤ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የኢንቴል ሲፒዩዎች በአብዛኛው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይህን ያደርጋሉ። የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ዴስክቶፖች ከ90 እስከ 95፣ የ7000ዎቹ ደግሞ 95 አካባቢ ነው ወሰናቸው። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድም እንዲሁ ነው። ሙቀት ሲመጣ እየነገረ ነው የሚመጣው። ፋኑ ይጮኻል፣ ጌሙ ይጎተታል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ከዚያም በላይ ከሞቀ ራሱን ለማዳን ይጠፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጠፍቶ ይቀራል እንጂ ተመልሶ አይነሳም። ጨዋታው እንደ ቅቤ እየፈሰሰ በቅጽበት ጥቁር ሆኖ እንደገና የሚነሳ ማሽን ከዚህ ጋር አይመሳሰልም።

መገመትም አያስፈልግም። ኤችዋይንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙቀቱን በየሁለት ሰከንዱ ፋይል ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ሎጊንጉን አስነሱና ተጫወቱ። ማሽኑ ሪስታርት ሲያደርግ ፋይሉን ክፈቱና የመጨረሻውን መስመር ተመልከቱ። ሲፒዩው 70፣ ግራፊክስ ካርዱ 75 ላይ እያለ ከጠፋ ፔስት መቀየር ከንቱ ድካም ነው። ሆትስፖት የሚለው ቁጥር፣ ማለትም የካርዱ ቺፕ በጣም የሞቀበት ቦታ፣ ከ100 በላይ ከሄደ ግን ጸሐፊው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካርዱ ይታይ።

ፎርማት ስለማድረግ ብዙ አልልም። የበግቼክ ኮዱ ዜሮ በሆነበት ማሽን ላይ ፎርማት ማድረግ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ያለው ታሪክ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ልጁ የትምህርቱንም ፋይል ያጣል። ብሉ ስክሪኑ የግራፊክስ ድራይቨርን፣ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ከጠቆመ እንኳ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ፕሮግራም ድራይቨሩን ብቻ ጠራርጎ አውጥቶ እንደገና መጫን ይበቃል።

ራም ጨምሩ የሚለው ደግሞ ነገሩን የሚያባብስበት ጊዜ አለ። ራም ሲያንስ ጌሙ ይንቀራፈፋል ወይም ራሱ ይዘጋል። ዊንዶውስ የጎደለውን ከዲስክ ይበደራል። ኮምፒውተሩ ግን ራም ስላነሰው ብቻ ሪስታርት አያደርግም። ሪስታርት የሚያስደርገው የተበላሸ ወይም እርስ በርሱ ያልተስማማ ራም ነው። ከአንድ ሱቅ አንድ፣ ከሌላ ሱቅ ሌላ ገዝቶ መደርደር ደግሞ ለዚህ በር ይከፍታል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ራሙን የሚያፈጥነውን፣ ኤክስኤምፒ የሚባለውን፣ አጥፉና ሞክሩ። ከተሻለው ምክንያቱ ተገኝቷል። ካልተሻለው ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86ን በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ራሙን አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከርም ያው ነው።

ስታቢላይዘር ግዙ የሚለው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በዚህ ከተማ መብራት ስለሚዋዥቅ ምክሩ ለጆሮ ይጥማል። ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ማሽኑ ጽሑፍ ሲጻፍበት፣ ፊልም ሲታይበት አይጠፋም፤ ጌም ላይ ብቻ ነው የሚጠፋው። የግድግዳው መብራት ጌም እየተጫወትን መሆኑን በምን ያውቃል?

እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ የማያውቅ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ካፓሲተር መብራት ለቅጽበት ሲቋረጥ የሚያቆይ ትንሽ ስንቅ አለው። ደረጃውን የጠበቀ ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት ላይ ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሰከንድ ይችላል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ስንቁ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ስንቁ ረዘም ይላል። ጌም ላይ ሲሆን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ያው አንድ የመብራት መንቀጥቀጥ ፊልም ላይ ሳይታወቅ ያልፍና ጌም ላይ ሪስታርት ሊያስደርግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ግን ምልክት አለው። አምፖሉም አብሮ ይርገበገባል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ኬዙን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በባጃጅ ነው ያመጡት። ልጁ ስታቢላይዘር ገዝቶ ሞክሯል። አልሆነለትም። እሱ ሲያስረዳኝ እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«እኔ እንጀራ ስጋግር እኮ ነው የሚጠፋበት» አሉ።

ልጁ «እማዬ ደግሞ!» ብሎ ሊያስቆማቸው ሲል፣

«እስኪ ይንገሩኝ እናቴ፣ ሁልጊዜ ነው?» አልኳቸው።

«ምጣዱን ሳበራው ነው። ሲጮህ እሰማዋለሁ።»

መልሱ እሳቸው ጋ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው። የልጁ ክፍል ሶኬት ደግሞ ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ የተሳበ ነበር። ምጣዱ በበራ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ስታቢላይዘሩ ቀጭ ብሎ ሪሌውን፣ የውስጥ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ሲቀይር ደግሞ እሱ ራሱ ለቅጽበት ያቋርጠዋል። የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ሳየው ከ200 እስከ 240 ቮልት ይላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ቢሆን ኖሮ ይህን ያህሉን መውረድ ይችለው ነበር። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ለምጣዱ ከቆጣሪው የራሱን መስመር አሳቡለት። ስታቢላይዘሩ አላስፈለገም።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን፣ ያላችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ 650 ዋት አይደለም። አብዛኛው ከ360 እስከ 390 ዋት ነው የሚችለው። ከጌሚንግ ማሽኑ ጋር ሞኒተሩን፣ ስፒከሩን፣ የዋይፋይ ሳጥኑን በአንድ ዲቫይደር ሰክታችሁ ከሆነ መብራት በጠፋባት ቅጽበት ዩፒኤሱም አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን፤ ፓወር ሰፕላይ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብለዋል። ሁለቱንም አጥብቄ እቃወማለሁ።

መጀመሪያ አደገኛውን። ፓወር ሰፕላይ አትፍቱ። ኬዙን ክፈቱ፣ አጽዱ፤ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አትንኩት። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ሶኬቱን ከነቀላችሁት በኋላም ቻርጁ ሊቆይ ይችላል። ብሩሽ ይዞ እጁን እዚያ የሚያስገባ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። አቧራውን ከውጭ በወንፊቱ በኩል በብሎወር መንፋት ይበቃል፤ እሱንም ከሶኬት ነቅላችሁ። ጸሐፊውን በአክብሮት የምለምናቸው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጽሑፋቸው እንዲያወጡልኝ ነው።

ሁለተኛው፣ 600 ዋት ከተጻፈ ምንም አይልም የሚለው ነው። የኬዙን ጎን ክፈቱና የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር አንብቡት። በትልቁ የተጻፈውን 600 እለፉት። ሥር ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ አለ፤ 3.3 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 12 ቮልት የሚል። ሲፒዩና ግራፊክስ ካርድ የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው። ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዙት። ርካሽ በሆኑት ላይ 22 አምፔር የሚል ታገኛላችሁ። 22 ሲባዛ በ12፣ 264 ዋት። ያ 600 የተባለው ዕቃ ለጌም የሚሰጠው ይህን ነው።

አሁን እናስላው። አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ 170 ዋት ነው። ራይዘን 5 5600 ሲፒዩ እስከ 76 ዋት ይሄዳል። ሁለቱ 246 ሆኑ። ማዘርቦርዱ፣ ፋኖቹ፣ ዲስኩ ገና አልተቆጠሩም። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚመክረው በከንቱ አይደለም።

በዚያ ላይ ግራፊክስ ካርድ ኃይል የሚስበው ለጥ ባለ መስመር አይደለም። ትዕይንቱ ሲለወጥ፣ ፍንዳታ ሲመጣ፣ ለሺህኛ ሰከንድ ክፋይ ያህል ከተጻፈለት ዋት በላይ ይዘላል። ትልልቆቹ ካርዶች እጥፍ ድረስ የሚዘሉበት ጊዜ አለ። ፓወር ሰፕላዩ ይህን እንደ አደጋ ያየውና ራሱን ይዘጋል፤ ወይም 12 ቮልቱ ከሚፈቀደው በታች ይወርድበትና ማዘርቦርዱ ሪስታርት ያደርጋል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው ደረጃ ፓወር ሰፕላዮች እስከ አቅማቸው እጥፍ የሚደርስን ዝላይ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲችሉ የሚያስገድደው በዚህ ምክንያት ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ግን ይህን አይነግራችሁም። እሱ የሚናገረው ከግድግዳ የተሳበው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን እንደሚደርስ ነው። ብሮንዝ ወይም ጎልድ ስለተባለ ብቻ ዝላይ ይችላል ማለት አይደለም።

ልጆቹን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ። መቼ ጀመረው? «ግራፊክስ ካርድ ከቀየርኩ በኋላ» ካሉኝ ሌላ ቦታ ለመፈለግ አልቸኩልም። አሮጌው ፓወር ሰፕላይ አሮጌውን ካርድ ይችል ነበር። አዲሱን አልቻለም። ደግሞም ዕቃው ያረጃል። በሙቀት ውስጥ የኖረ ካፓሲተር ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል።

ገመዱንም እዩልኝ። ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያ ካለው ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያየ ገመድ ይምጣለት። ከአንድ ገመድ ጫፍ ላይ ሹካ ሆኖ የተከፈለውን ሁለቱም ላይ መሰካት ለትልልቅ ካርዶች ጥሩ አይደለም። መሰኪያውን ስትነቅሉ ነጩ ወይም ጥቁሩ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከሄደ፣ ሽታም ካለው፣ ማሽኑን በዚያው አቁሙት።

ፓወር ሰፕላዩ መሆኑን ሳትገዙ ለማረጋገጥ ቀላል ሙከራ አለ። ግራፊክስ ካርድ የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን፣ ጫኑና ፓወር ሊሚት የሚለውን ወደ 70 ከመቶ፣ ወይም ካርዱ ወደሚፈቅደው ዝቅተኛ ቁጥር፣ አውርዱት። የራዲዮን ካርድ ያላችሁ አድሬናሊን በሚባለው የካርዱ ፕሮግራም ውስጥ ታገኙታላችሁ። የጌሙን ፍሬም ደግሞ 60 ላይ ገድቡት። ከዚያ ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ቦታ ተጫወቱ። በየጊዜው ይጠፋ የነበረው ማሽን አሁን ከጸና ጥርጣሬው ኃይል ላይ ነው። ፓወር ሰፕላይ መግዣ እስኪጠራቀም ድረስም እንዲሁ አድርጋችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ካርዱንና ሲፒዩውን እስከ ጥግ የሚያሠሩትን ፈርማርክና ፕራይም 95ን አንድ ላይ አስነስቶ ማሽኑን ማጨናነቅም ይቻላል። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን አትሞክሩት። በሌላውም ላይ ቢሆን ጥላችሁት ከክፍሉ አትውጡ።

የቀረው የማዘርቦርዱ ነገር ነው። ማዘርቦርድ አይበላሽም አልልም፤ ይበላሻል። ግን ውዱና አድካሚው ቅየራ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ባዮሱን ማደስ ነፃ ነው። በተለይ 13ኛና 14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ሲፒዩ ያላችሁ ይህን አትዝለሉት። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ኢንቴል ከነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ማስተካከያ አውጥቷል፤ የሚመጣውም በባዮስ በኩል ነው። ቀድሞ የተጎዳውን ሲፒዩ ግን አያድነውም። ባዮስ ስታድሱ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጡ።

ከመግዛት በፊት የጓደኛን ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ከሁሉ የተሻለው ማረጋገጫ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ገመዱ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ከነገመዱ ተዋሱት። የእናንተን አሮጌ ገመድ እንደተሰካ ትታችሁ ሳጥኑን ብቻ አትቀይሩ። ማዘርቦርዱና ሌሎቹ ዕቃዎች ላይ የሚሰካው ጫፍ በሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። ቅርጹ ገጥሞ ሊገባ ይችላል፤ 12 ቮልቱ ግን 5 ቮልት በሚጠበቅበት ቦታ ይመጣና ሃርድ ዲስኩን ከነፋይሉ ያቃጥለዋል።